ቁጭ ብሎ የተሰጠ ይቅርታ

ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። ስለ ሰው አእምሮ የሚያወሩ፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ መጻሕፍት እጄ ከገቡ ሳልጨርስ አልለቃቸውም። ስለዚህ የምጽፈው ሥነ ልቦናንና ተመስጦን ከሚንቅ ሰው የወጣ አይደለም።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ታላቁ መካነ ኢየሱስ ከተማ መምህር ነው፤ ታናሹ ገጠር ከእኔ ጋር ያርሳል። አምና ገብስ ስንወቃ ታላቁ ሊጠይቀን መጣና አውድማው ዳር ቆሞ፣ «ከበሬዎቹና ከአንተ ነጂው የትኛው ነው?» ብሎ በወንድሙ ቀለደ። ለደቦ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። ታናሹ የመንሹን እጀታ አንሥቶ ጀርባውን መታው። ታላቁ ወዲያው ወደ ከተማ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲስቅ በእርሱ የሚስቅ ይመስለው ጀመር። ደብረ ታቦር ሄዶ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገረ፤ ከስልኩም ተመስጦ ተማረ። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ያዳምጣል። እውነቱ ይነገር፤ ረድቶታል። እንቅልፉ ተመለሰ፣ ቁጣው በረደ። ከተማ ሳድር እኔም አብሬው ተቀምጫለሁ፤ አባቶቻችን አርምሞ ከሚሉት ብዙም አይርቅም አልኩ በልቤ። «አባየ፣ ውስጤ ሙሉ ሆኗል» ይለኝ ነበር። ወንድሙ እንዴት እንደሆነ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም።

ታናሹ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ላከ። በእኛ ዘንድ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል። ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳዩ ነው፤ ተነሥቶ፣ በገዛ እጁ። ያ እጅ ካልነካው ዕርቅ የለም።

ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታችን ከታላቁ ግቢ ተቀመጡ፤ እኔም ከጎናቸው። ታናሹ ከገጠር ያመጣውን ድንጋይ ተሸክሞ ቆመና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ታላቁ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ በውስጡ ይቅር ካለው እንደቆየ፣ ድንጋይ መሸከም ራስን ማዋረድ እንደሆነ፣ አውርዶት ገብቶ ምሳ እንዲበላ ነገረው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ቄሱ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ሰጠሁ የምትለው ይቅርታ ለማን ደረሰ? ተቀባዩ ይኸው ቆሞ አልደረሰኝም ይላል።»

ታላቁ ሰላሙን የሚያገኘው ከውስጡ እንጂ ከወንድሙ እንዳልሆነ አስረዳቸው። እኔም ተነሥ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«አባየ፣ ያን ድንጋይ ብነካ ያ ቀን ይመለስብኛል።»

ታናሹ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አስተካከለ። ካጎነበሰበት ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ ካለፈልህ ለምን አትነሣም?» አለ።

ታላቁ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ ሰው ወደ ውስጡ የሚገባበት በር ነው። በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

ታናሹ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ከነድንጋዩ ዞሮ ወጣ። ሽማግሌዎቹና ቄሱም ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ታላቁ ዓይኑን ሲገልጥ ግቢው ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አዩ አባየ፣ አልተናደድኩም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አልተናደደም። መጻሕፍቱ ሰው ከራሱ ጋር መታረቅ አለበት ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ከራስ ጋር መታረቅ ግን ቀላሉ ነው፤ ራስ ድንጋይ ተሸክሞ ፊት አይቆምም። ይህን ነገርኩት።

ምሳውን ሳልቀምስ ወጣሁ። ታናሹን ከከተማው መውጫ ላይ ደረስኩበት። ድንጋዩ አሁንም ጫንቃው ላይ ነው፤ መንገደኛው ቆሞ ያየዋል። ላወርድለት እጄን ዘረጋሁ። ፈቀቅ አለብኝ።

«የእርስዎ እጅ አይደለም፣ አባየ።»