ሰይፈኛው፣ የቦቴው ሾፌርና የኔ ሽምግልና

እኔ ሞኝ ነኝ። ይሄን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ምስክሮች አሉኝ። ጁባ ውስጥ አንድ ሰው በልብ ወለድ መጽሐፍ ልድር ተነስቼ አውቃለሁ። በሙሉ መጽሐፍ ቢሆን ደግ ነበር፤ በሩብ መጽሐፍ።

ያኔ ንያኩሮን አካባቢ የጄኔሬተር መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ከተማው በሙሉ በጄኔሬተር ስለሚኖር ሀብታም መሆን ነበረብኝ። ግን ደንበኛ ሲመጣ ወሬ እጀምርለታለሁ፣ ወሬው ሳያልቅ ሌላ ሱቅ ሄዶ ይገዛል። ምሳዬን የምበላው አትላባራ ሰፈር፣ ያገሬ ልጅ ምግብ ቤት ነው። ከኔ ትንሽ ስለምትበልጥ እትዬ እላታለሁ። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ ሁለት የማንጎ ዛፍ፣ እግራቸው የተወላገደ የፕላስቲክ ወንበሮች። ወጧ ይጣፍጣል፤ ምላሷ ያቃጥላል። ታናሽ እህቷ አብራት ትሠራለች። ልጅቷ ዝምተኛ ናት። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያመንኩት ስለማሉልኝ ብቻ ነው።

መጽሐፉን አንድ መንገደኛ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ሄደ። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ርዕሱንም ደራሲውንም አናውቅም። ውስጡ ግን ሰይፍ አለ፣ አስማት አለ፣ ንግሥት አለች፣ ሰው የሚውጥ ጭጋግ አለ። ሁሉም ነገር ያለው የአንድ ሰይፈኛ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ጁባ ላይ ወፍራም የአማርኛ መጽሐፍ ማግኘት ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። አራት ሰዎች ተጣላንበት፦ እትዬ፣ እኔ፣ አንድ የውሃ ቦቴ ሾፌርና አንድ ጋምቤላ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ የመንግሥት ሠራተኛ፤ አማርኛው ከኔ የሚሻል።

እትዬ ጠቡን በምላጭ ፈታችው። መጽሐፉን አራት ቦታ ቆረጠች፣ እያንዳንዱን በመርፌ ሰፋች፣ የቢራ ካርቶን አለበሰችው።

«በየሁለት ሳምንቱ ትቀያየራላችሁ» አለች። «ያነበበ ላላነበበ ያወራ እንደሆነ ምሳ የለውም። ከላስ፣ አለቀ!»

የጋምቤላው ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናንተ አበሾች መጽሐፍንም እንደ በሬ ቅርጫ ገባችሁበት!»

ዕጣ ስንጥል ለኔ አንደኛው ሩብ፣ ለእትዬ ሁለተኛው፣ ለሾፌሩ ሦስተኛው፣ ለጋምቤላው ልጅ አራተኛው ወጣ። ጭቅጭቁ የጀመረው በሳምንቱ ነው። በኔ ሩብ ውስጥ ሰይፈኛው ዶሮ የሚሰርቅ ቀልደኛ ጎረምሳ ነው፤ ወንድሜ መሰለኝ። በእትዬ ሩብ ውስጥ ንግሥቲቱን ከእሳት የሚያወጣ ጀግና ነው፤ ስለሱ ስታወራ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። የጋምቤላው ልጅ ደግሞ «ምስኪን ሽማግሌ እኮ ነው፣ ለአንዲት አሮጊት ውሃ ይቀዳል» አለና እትዬ ጭልፋ ስታነሳበት ዝም አለ። አራታችን ስለ አራት የተለያየ ሰውዬ እንደምንጨቃጨቅ የገባን ቆይቶ ነው። ሾፌሩ ብቻ ምንም አይልም።

ሁለት ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ሱቄ መጣ። የቦቴው ፓምፕ የተበላሸ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ» አለኝ፣ የካርቶኑን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ።

«ሰይፍህ የታለ?» አልኩት። አልሳቀም።

በሦስተኛው ሩብ ሰይፈኛው የአንድ መንደር ሕዝብ ይዞ ከጭጋጉ ይሸሻል። ገደል ላይ የገመድ ድልድይ አለ። ሕዝቡ ተሻገረ፤ ጓደኛው ገና መሀል ላይ ነው፤ ጭጋጉ ደረሰ። ሰይፈኛው ገመዱን ቆረጠው። ጓደኛው እያየው።

ሾፌሩ ቦቴ ከመንዳቱ በፊት ከኬንያ ድንበር በካፖኤታ በኩል ጭነት ያመጣ ነበር። አንድ ቀን መንገዱ ላይ ግንድ ተጋድሟል። ረዳቱ ሊያነሳው ወረደ። ከሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከጫካው ተኩስ ተከፈተ። ጭነቱ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ተሳፍረዋል። ሾፌሩ ወደ ኋላ አስነስቶ ነዳ። ወደ ኋላ ስለነዳ ደግሞ ረዳቱን ፊት ለፊት ነበር የሚያየው። እጁን እያወዛወዘ ይሮጥ ነበር። በማግስቱ ወታደር ይዞ ሲመለስ ግንዱ እዚያው አለ፤ ሰውዬው የለም።

ይሄን የነገረኝ በአንድ ምክንያት ነው። ሾፌሩና የእትዬ እህት ይዋደዳሉ። ሽማግሌ ሆኜ እትዬን እንድጠይቅለት ፈልጓል። ሌላ ትልቅ ሰው ቢያጣ ነው እንግዲህ።

«መጀመሪያ ግን ለእትዬ ልንገራት» አለኝ። «እህቷን የምትሰጠኝ ከሆነ አውቃኝ ትስጠኝ።»

«አብደሃል?» አልኩት። «ጴንጤነትህን እንኳ ገና አልዋጠችውም!»

ዕቅዱ የመጣልኝ ያኔ ነው። አሁን ሳስበው ጥርሴን ያመኛል። እትዬ ቀጥላ የምታነበው ሦስተኛውን ሩብ ነው፤ ትናደዳለች። ከዚያ አራተኛው ይደርሳታል። እዚያ ሰይፈኛው ምስኪን ሽማግሌ ሆኗል፣ ለአሮጊት ውሃ ይቀዳል፤ ልቧ ይራራል። በራራች ማግስት እኔ እነግራታለሁ። ሰው በሰው እጅ የሚያስታርቀውን እኔ በካርቶን መጽሐፍ ላስታርቅ ነው።

«መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለኝ ሾፌሩ።

«ይማሩታል» አልኩት። አራተኛውን ሩብ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ሩቡ እስኪደርሳት ሳልጠብቅ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጨምሬ ለሽምግልና ሄድኩ። እትዬ «ልጁን ታውቀዋለህ ወይ?» አለችኝ። «እንደ ራሴ! እንከን የለውም» አልኳት፣ ማልኩላትም። «እንግዲህ ጾሙ ይውጣ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ኑ» አለች። ጴንጤ ለሆነ ሰው ከዚህ በላይ መልካም መልስ ከእትዬ አፍ አይወጣም። ሾፌሩ እንደ ሕፃን አቀፈኝ።

በዚያው ሳምንት የጋምቤላው ልጅ ለሥራ ማላካል ሄደ። «ለአምስት ቀን ነው» አለ። አራተኛውን ሩብ ሳይቀያየር ሻንጣው ውስጥ ከቶት ነው የሄደው። አምስቱ ቀን አለፈ። አውሮፕላኑ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባለ ወሩ አለቀ። እትዬ ደግሞ ሦስተኛውን ሩብ ይዛ ቀረች።

የኔንም ሩብ ጨርሳ ሌላ የምታነበው ስለሌላት ደጋግማ አነበበችው። ባነበበችው ቁጥር ንዴቷ ይብሳል። ያቺ ከሰይፈኛው ጋር ፍቅር ይዟት የነበረች ሴትዮ እንደተከዳች ሚስት ሆነች። ሽንኩርት ስትከትፍ እሱን ነው የምትከትፈው። «ገመድ ቆራጭ» የሚል ስድብ አወጣች። የበሰበሰ ቲማቲም የሚሸጥላት ገመድ ቆራጭ፣ ሳይናገር ሥራ የለቀቀው አስተናጋጅ ገመድ ቆራጭ፣ መብራቱ ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ራሱ ገመድ ቆራጭ። ደንበኛው በሙሉ ለመደው። የሰፈሩ ቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሳይቀሩ ቃሉን ይዘውት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ እርስ በርስ ይሰዳደቡበታል። ሾፌሩ ውሃ ሊያራግፍ በመጣ ቁጥር ይሰማል። በርሜሉን ሞልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል።

ሁለቴ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ፣ ልንገራት» ብሎኛል። ሁለቴም «ታገስ፣ አራተኛው ሩብ እየመጣ ነው» አልኩት።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ተሰበሰብን። ሁዳዴ ስለሆነ በያይነቱ ቀርቧል። እኔ በጾም ዓሣ ይፈቀዳል ከሚሉት ወገን ስለሆንኩ የአባይ ዓሣ ጨምሬያለሁ። ሾፌሩ ጴንጤ ሆኖ ከኔ በላይ ይጾማል፤ ለእትዬ ሲል። እህትየዋ ወዲያ ወዲህ እያለች ታስተናግዳለች።

«እኔ የሚገርመኝ የጻፈው ሰውዬ ነው» ጀመረች እትዬ። «ያንን ገመድ ቆራጭ ለምን እዚያው አይገድልልንም? ወረቀት ተርፎት ነው?»

«ገና አራተኛው ሩብ አለ እኮ» አልኩ።

«እሱማ ሌላ ሰውዬ ነው። ውሃ ቀጂ ሽማግሌ ነው አላለም የጋምቤላው ልጅ? ገመድ ቆራጩ በመጀመሪያው ገጽ ሞቷል ማለት ነው። እሰይ!»

ግቢው ሳቀ።

«መንደር ሙሉ ሰው አዳነ እኮ እትዬ። ሕፃናት ነበሩ» አልኩ።

«ጓደኛውን ሸጦ! ነገ ድልድዩ ላይ እህቴ ብትሆንስ?»

አፌ ውስጥ ዓሣ ነበር። እሱን እያኘኩ ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር። ግን ሰው እየሳቀላት ነው፤ እኔ ባለሁበት ደግሞ ሰው የሚስቀው በኔ ቀልድ ነው።

«እትዬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እንዲህ ያለ ሰው እኮ ታውቂያለሽ። በእጅሽ አጉርሰሽዋል። ትወጂዋለሽም!»

«ማነው? አንተ ነህ?»

«እኔማ በዚህ ቦርጭ! ድልድዩ ገና ሳይቆረጥ ይበጠስ ነበር።»

አሁን ለኔ ተሳቀ። እትዬ ጨዋታው ገባት፤ ጭልፋዋን ይዛ በየጠረጴዛው መዞር ጀመረች። «አንተ ነህ? አንተስ?» ሰው ሁሉ እየሳቀ ይምላል። ሾፌሩ ጋ ደረሰች። «ወይስ አንተ ነህ የኔ ልጅ?»

ሾፌሩ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ተናገረ። ግንዱን፣ ተኩሱን፣ ወደ ኋላ መንዳቱን። አጭር ነበር። መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ይስቅ ነበር። እትዬ ጭልፋዋን አላወረደችም።

«ለቤተሰቡ ማን ነገራቸው?»

«እኔ። ስልክ ደወልኩ።»

«ምን አልካቸው?»

«ታሞ ሞተ አልኳቸው።»

ይሄን እኔም አላውቅም ነበር።

«ቀበርከው ወይ አላሉህም?»

«ብለውኛል።» ዓይኑን ከሰሃኑ አላነሳም። «ቀብሬዋለሁ አልኳቸው።»

እትዬ ወደኔ ዞረች። «አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?»

«እትዬ፣ አራተኛው ሩብ እስኪመጣ...»

«የምን ሩብ? ቤቴ ገብተህ እንከን የለውም ብለህ ምለሃል! እሱስ ፈራ፤ ተኩስ ነበረበት። አንተን ማን ተኮሰብህ?»

በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ቀን ነው።

ሾፌሩ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። «ብላ» አለችው ቀስ ብላ። «ከኔ ቤት ሰው ሳይበላ አይወጣም። ብላና ትሄዳለህ። ከዚያ ወዲያ ውሃህም አይምጣብኝ።» አጠገቡ ቆመች። በላ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ አንድ በአንድ፤ ሰሃኑ እስኪጸዳ። ግቢው ሙሉ ሰው እያየው። እህትየዋ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ እንደያዘች። ሲጨርስ መጥታ አስታጠበችው። እሱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ ቦቴውን አስረክቦ ዋው ወደምትባል ከተማ ሄደ። አራተኛውን ሩብ ሳያነብ ነው የሄደው።

ሩቡ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የጋምቤላው ልጅ ስለተፈጠረው ምንም ስላልሰማ «በሉ፣ ሥጋችሁን አመጣሁላችሁ!» እያለ ገባ። እትዬ በአንድ ቀን ጨረሰችው። ሽማግሌው ውሃ ቀጂ ያው ሰይፈኛው ነው። አሮጊቷም ድልድዩ ላይ የቀረው የጓደኛው እናት ናት። እትዬ ስታነብ አለቀሰች። ነጠላዋ እስኪረጥብ ነው ያለቀሰችው። እኔም ይሄን አይቼ ሞኝነቴ ተመለሰብኝ።

«አየሽ እትዬ?» አልኳት። «ለሱ ካለቀስሽለት፣ ለኛስ ልጅ?»

ዓይኗን ጠረገች። «ይሄኛው እኮ እናቲቱ ፊት ቆሞ ልጅሽን እኔ ነኝ የገደልኩት ብሏታል። ያንተው ግን ቀብሬዋለሁ ነው ያለው» አለችኝ። ስለዚያ መጽሐፍ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ በጣም የጨከነው ይሄ ነው።

እህቷ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አላወጣችም። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ ሰሃኑን ታነሳለች። ወራት አልፈው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አገኘኋት። ድንች እየመረጠች ነበር። ቅርጫቷን ልሸከምላት እጄን ዘረጋሁ፤ ሳቅ ብዬ «ይቅር በይኝ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ እኮ...» ማለት ጀመርኩ። ድሮ «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ» እያለች ትስቅልኝ የነበረች ልጅ ቅርጫቷን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ያን እሑድ እሱ ራሱ ለእህቴ ሊነግራት ነበር የመጣው» አለችኝ። «ከምሳ በኋላ ለብቻዋ ሊያናግራት ተነጋግረን ነበር። ለሰውዬው ቤተሰቦችም እውነቱን ሊነግራቸው አብረን ልንሄድ ነበር። እርስዎ ምሳው እስኪነሳ መቆየት አቃተዎት።»