ሽጉጥና ሙስበሃ በአንድ ኪስ

ኮረብታዋን «ሙቀጫ» ነበር የምንላት። አናቷ ጎድጎድ ያለ ነው። ሌላ ስም ይኑራት አይኑራት አላውቅም። ሰሜን ግንባር ነው፤ ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ያለበት ደረቅ አገር። ትእዛዙ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሲነጋጋ ሙቀጫን ትይዛላችሁ ተባልን። ኮቾሮ ታደለን። ኮዳችንን ሞላን። ጥይት ተቀበልን።

ይማም የክፍላችን ሬዲዮ ተሸካሚ ነበር። እንደኔው ወሎዬ ነው። ሬዲዮው ስለሚከብድ ክላሽ አልያዘም፤ ሻምበሉ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ሰጠው። አፎት አልነበራትም። ይማም ከአሮጌ ድንኳን ሸራ ቆረጠና በወፍራም ክር ሰፍቶላት ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተታት። እኛም አልማርነውም።

«ይማም፣ ለሽጉጥህ ሽርጥ አለበስካት እንዴ?»

«የኔዋ የጨዋ ልጅ ናት፤ ራቁቷን አትወጣም» አለ። «ያንተ ክላሽ እንደፈለገች ትሁን።»

እዚያው ኪስ ውስጥ ሙስበሃውን ይይዛል፣ የዚክር መቁጠሪያውን። ያን ጊዜ ሙስበሃ በእጅ ይዞ መታየት አያስወድድም። ካድሬው አንድ ቀን አይቶበት ሰው ፊት ተሳልቆበታል። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ኪስ ገቡ። ሁላችንም እናውቅ ነበር። አደጋ ያመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ይህን ዛሬ ለምን እንዳነሳሁት ልንገራችሁ።

የምኖረው ከልጄ ከዘሃራ ጋር ነው፣ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ። እሷ ቱክዊላ አንድ የነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ትሰራለች። ባለፈው ብርድ አንድ ሰው ጩቤ አውጥቶባት ገንዘቡን ይዞ ሄደ። እሷን አልነካትም፣ አልሃምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ኮርስ ወሰደች፣ ፈቃድ አወጣች፣ ትንሽ ሽጉጥ ገዛች። ተይ ብያታለሁ። አልሰማችም። የኔ ልጅ አይደለች፣ ማን ይመልሳታል።

አንድ ቅዳሜ ጃኬቷን ወንበር ላይ ጣል ስታደርገው ቋ አለ።

«ኪስሽ ውስጥ ያለውን አውጪው» አልኳት።

አወጣችው። ቁልፍ። የከንፈር ቅባት። ሽጉጧ በስስ ጨርቅ አፎት። ከሷ ጋር የእናቷ ሙስበሃ ተጎትቶ መጣ፤ ክሩ እጀታው ላይ ተጠምጥሟል። ልቤ አልደነገጠም። ልቤ መደንገጥ ከተወ ቆይቷል። አየሁትና ዱላዬን አነሳሁ።

«ተነሺ።»

«የት?»

«አፎት ልንገዛ።»

«አባዬ፣ አለው እኮ! ደግሞ ከሰዓት ሺፍት አለኝ።»

«ይሄ ካልሲ ነው። ተነሺ።»

መሳሪያ መሸጫው ውስጥ ሻጩ ጺማም ሰው ነው፣ ትእግስተኛ። ዘሃራ ታስተረጉማለች። መጀመሪያ ካዝናውን አወጣ፣ ሽጉጧን ወደ ኋላ ስቦ ባዶ መሆኗን ለሁለታችንም አሳየን። ከዚያ ወደ ጨርቁ አፎት መልሶ ከተታት። ልያት አልኩት። አፈሙዟን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በአውራ ጣቴ በጨርቁ ላይ ምላጩን ጫን አደረግሁት።

ቀጭ አለ።

ዘሃራ ስልኳን እያየች ነበር፤ ቀና አለች። «ምን አደረግከው?»

«ኪስሽ ውስጥ ቁልፍሽ የሚያደርገውን።»

ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። የቆዳ አፎት አመጣ። ቆዳው ያምራል ግን ለስላሳ ነው፤ ሽጉጧ ስትወጣ አፉ ይከደናል። መልሶ ለመክተት በአፈሙዙ አፉን መጎርጎር ሊኖርባት ነው። አይሆንም አልኩ። ሦስተኛው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ምላጩን ዙሪያውን ሸፍኖታል። ጫንኩት። ደግሜ ጫንኩት። ዝም። ጎኑ ላይ መንጠቆ አለው፤ ሽጉጧ ስትመዘዝ እሱ ኪሱን ይዞ ይቀራል።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«ኖ ዌይ። ጡብ ይመስላል እኮ! ጃኬቴ ያብጣል።»

«ይበጥ።»

«አባዬ፣ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል።»

ሻጩ የሆነ ነገር አላት፣ ሳቀች። ምን አለ አልኳት።

«ፖሊስ ነበር ወይ ነው የሚለው።»

«እግረኛ ወታደር ነበር በይው።»

ሳንገዛ ወጣን። መኪናው ውስጥ ቀበቶዋን አሰረችና ወደ እኔ ዞረች። «ሶ፣ ለምንድነው እንደዚህ የምታካብደው? ለአንድ ኪስ?»

ነገርኳት። ለእናቷም ነግሬያት አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ሙቀጫ ግርጌ ተኝተናል። ከላይ፣ ከምሽጉ፣ ሰው ሲያስል ይሰማናል። ብርድ የያዘው ሰው ሳል ነበር። ይማም ከጎኔ ነው። የፈጅር ሰዓት ነው፤ ቆሞ መስገድ አይቻልም፣ ዚክር ግን ይቻላል። እጁን ኪሱ ከተተ። ሙስበሃውን ሳበ። ክሩ ሸራው ውስጥ ገብቶ ምላጩን ይዞት ኖሯል። ሽጉጧ የተቀባበለች ነበረች።

አንድ ጥይት ጮኸ። ጭኑን መታው።

ሳሉ ቆመ። መትረየስ ተከፈተብን። ሻምበሉ «ወደፊት!» አለ፣ ወጣን። መመለሻ የለም። የሮጠ ሮጠ፣ የወደቀ ወደቀ። የሰው ስም እንሰማለን፣ አንዞርም። ጸሐይ ስትወጣ ሙቀጫ ላይ ነበርን። ያ የሚያስለው የትኛው እንደነበረ አላወቅሁም። እዚያ ያገኘናቸው ሁሉ ዝም ብለዋል።

ወርጄ ይማም ጋ ስደርስ ሻምበሉ ከላዩ ቆሟል።

«ራሱን መታ» አለ። «ፈሪ።»

«ሻምበል፣ ሙስበሃው ነው፤ ይዩት» አልኩ። ክሩ ምላጩ ላይ እንደተጠመጠመ ነው።

«ወደ ቦታህ!»

ይማም ሰምቶታል። ከንፈሩ ነጥቷል። «ሰይዶ፣ አልፈራሁም እኮ» አለኝ። ወላሂ ይማም አልፈራም። ከኔ በፊት ስንት ዳገት ወጥቷል፣ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ። «ውሃ» አለኝ። ኮዳዬን ከፈትኩ። ሳይጠጣ አረፈ።

ሻምበሉ በዚያው በይማም ሬዲዮ ሪፖርት አደረገ። ሙቀጫ ተይዛለች፤ የሞተ፣ አስራ አንድ። ይማምን ከሟች አልቆጠረውም። ቀትር ላይ ሙቀጫን ልቀቁ የሚል ሌላ ትእዛዝ መጣ። ከመልቀቃችን በፊት አስራ አንዱን ግርጌው ላይ ቀበርን። ይማምን እኔና አንድ ጓደኛዬ ፈንጠር አድርገን፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረን ቀበርነው። ሙስበሃውን እጁ ላይ ተውነው። ሽጉጧን ሻምበሉ ወሰዳት፤ ለሚቀጥለው ሬዲዮ ተሸካሚ ሰጣት፣ ከነሸራዋ።

ዘሃራ ይህን ሁሉ ስነግራት መሪውን ይዛ ነበር። የፊት መስታወቱ ላይ ካፊያ ያርፋል። ቀበቶዋን ፈታች፣ ወደ መሸጫው ተመልሳ ገባች። ብቻዋን ነው የገባችው። ስትወጣ ያን ጡብ ይዛለች።

ኪሷን አራግፋ ባዶ አደረገችው። ቁልፉና ቅባቱ ቦርሳ ገቡ። የእናቷን ሙስበሃ ትንሽ በእጇ ያዘችና በግራ ኪሷ ከተተችው። ሽጉጧ በቀኝ፣ ብቻዋን፣ ከነፕላስቲኳ። ጃኬቷ በአንድ ጎን አበጠ። በመስታወቱ አየችው።

«አስቀያሚ ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት።

ሞተሩን አስነሳች። ሥራ ሊረፍድባት ነው። መንገድ ከገባን በኋላ «አባዬ፣ በመጨረሻ ስንት ሰው ሞተ?» አለችኝ።

ከላይ የነበሩትን አልቆጠርኳቸውም፤ የነሱን የሚያውቅ ይንገር። የኛን ግን አውቃለሁ። ሻምበሉም ዛሬ በሕይወት ላይኖር ይችላል። አላህ ይማረው፣ ቂም አልያዝኩበትም። ነገር ግን እሱ ሪፖርት ያደረገውን አልደግምም። እኔ የምቆጥረው የቀበርኩትን ነው።

«አስራ ሁለት» አልኳት።