አንድ ትልቅ፣ አምስት ትንንሽ

ኖሪዮ ሌባ አልነበረም። ውሸታም ነበር፤ ይህን ደግሞ ራሱም አይክድም። ቶኪዮ ውስጥ ካንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ኑድል ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚዘጋጅ የጌም መጽሔት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህ ነገር ሲሆን ከኖሪዮ ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። የእሱ ሥራ ገና ስላልተወለዱ የጌም ማሽኖች በየወሩ ሁለት ገጽ መጻፍ ነው። በተለይ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስለ ማሽኑ አንጎል፦ ምን ያህል ይፈጥናል፣ በቁጥር ስንት ይሆናል፣ ከበፊቱ በምን ይበልጣል። አንባቢዎቻችን በዚህ ጉዳይ በደብዳቤ ይሰዳደቡ ነበር።

ጽሑፉ ሁልጊዜ የሚጀምረው «ለጉዳዩ ቅርብ የሆኑ ሰው እንደነገሩን» ብሎ ነው። እኚያ ሰው ማን እንደሆኑ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ራሱ ኖሪዮ ናቸው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ እስክሪብቶውን እያኘከ ሲፈጥራቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የሚመጣው ማሽን አሥራ ስድስት አንጎል አለው ብሎ ጻፈ፤ ሌላ ጊዜ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው አለ። አንዱም እውነት አልሆነም፤ ማንም ደግሞ አልተቆጣም።

«እትዬ ቶዮኮ፣ እኚህ ሰውዬ በዚህ ወር ምን ይበሉ?» ይለኛል።

«ጡረታ ወጥቻለሁ ይበሉና እንረፍ» እለዋለሁ።

ታላቅ ወንድሙ ሺገኪ ግን እውነቱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ካዋሳኪ ከተማ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያንኑ አንጎል ከሚነድፉት መሐንዲሶች አንዱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ የገባበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሌላ ቤት አያውቅም። ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ፈርሞ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እናታቸው ወይዘሮ ፉሚ ሁለቱ ልጆቻቸው ማዕድ ሲቀርቡ ስለ ማሽን እንዳይነሳ ከልክለዋል። ኖሪዮም ወንድሙን ጠይቆት አያውቅም፤ በዚህ ይኮራ ነበር። «መጠየቅማ ስርቆት ነው፣ እኔ በላቤ ነው የምዋሸው» ይለኛል።

በዚያ ዓመት ለአዲስ ዓመት በዓል እናቱ ቤት ሦስት ቀን ከርሞ ሲመለስ፣ ጣሪያ ማየት ሳያስፈልገው በአንድ ጠዋት ጽፎ ጨረሰ። መሐል ላይ አንድ ትልቅ አንጎል፣ ዙሪያውን አምስት ትንንሽ፣ ከአምስቱ አንዱ ፈንጠር ብሎ ለድምፅ ብቻ የሚሠራ። ሥዕሉንም ራሱ ሣለው።

«ይሄኛውስ ከየት መጣ?» አልኩት።

«እንጃ፣ ዝም ብሎ መጣልኝ።»

ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜ አሳለፍኩት።

መጽሔቱ በወጣ በአሥረኛው ቀን ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች በጨርቅ የተጠቀለለ የኬክ ሳጥን ይዘው መጡ። የሳጥኑን ትልቅነትና ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ሲነሱ ሳይ ነገሩ እንደከረረ ገባኝ። የፋብሪካው ጠበቆች ናቸው። ለጉዳዩ ቅርብ የሆኑትን ሰው ስም በትሕትና ጠየቁ። ዋና አዘጋጃችን አቶ ኩሳካቤ ደረታቸውን ነፍተው፣ «መጽሔታችን ምንጩን አሳልፎ አይሰጥም» አሉ። የሌለውን ሰው! ሳቄን ለመዋጥ ወደ ሻይ ክፍሉ ሄድኩ።

ጠበቆቹ ሲወጡ የኖሪዮ ፊት በርቶ አገኘሁት። «እትዬ፣ ገምቼ አገኘሁት ማለት እኮ ነው! ስድስት ዓመት ስገምት ኖሬ አንድ ቀን አገኘሁት!» ብሎ ምሳ ጋበዘኝ። ደስታው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልቆየም። እናቱ ደወሉ።

ኖሪዮ የሚጽፈው በብዕር ስም ነበር፤ ፋብሪካው እውነተኛ ስሙን አግኝቶ የማን ወንድም እንደሆነ ደርሶበታል። ሺገኪን ከሥራው አንስተው በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል ሰጡት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፤ ሥራ የለም። በየጠዋቱ ለማን ምን እንዳወራ የሚጽፍበት አንድ ባዶ ወረቀት ይሰጡታል። በየጠዋቱ «ለማንም አልተናገርኩም» ብሎ ይጽፋል። በማግስቱ ሌላ ባዶ ወረቀት ይመጣል። እስከ ማርች መጨረሻ በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ ነገሩ ይዘጋል፤ ካልለቀቀ ይባረራል፣ ስሙም እስከ ወዲያኛው ይጠፋል።

«ፈጠራ ነው ብዬ በገጼ ላይ ልጻፍ» አላቸው ኖሪዮ አቶ ኩሳካቤን።

«ስድስት ዓመት ስዋሽ ኖሬ ዛሬ ብቻ እውነት ተናገርኩ ልትል? ማን ይስማህ?»

«ወንድሜ ነው እኮ አለቃ!»

«ለዚህማ ነው የማያምኑህ።»

አናደዱኝ፤ ግን ልክ ነበሩ። ኖሪዮ ግን አሻፈረኝ አለና የእምነት ቃሉን ጽፎ፣ እኔም አርሜለት፣ ራሱ ካዋሳኪ ድረስ ይዞ ሄደ። ሻይ አቀረቡለት። ከዚያ አንዱ፣ ለምን አምስት ሆነ? አራት ለምን አልሆነም? ለድምፅ ብቻ የሚለውስ ከየት መጣ? ብሎ ጠየቀው። «ዝም ብሎ መጣልኝ» አለ። እየደጋገሙ አስብለው ጻፉት። በማግስቱ ሺገኪ ክፍል የመጣው ባዶ ወረቀት ሁለት ነበር።

«ጋሼ ሺገኪ ዓይኔን ማየት አልፈለገም» አለኝ ኖሪዮ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉንጩ ገብቷል። «እርስዎ ቢመሰክሩልኝ ያምናል።» አንጀቴን በላው። በእሑድ ቀን ከቀትር በፊት ተያይዘን ኡራዋ፣ እናቱ ቤት ሄድን።

ሺገኪ ከሥር በሚሞቀው፣ ብርድ ልብስ በለበሰው ዝቅተኛ ጠረጴዛ አጠገብ፣ እግሩን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። የኖሪዮ መልክ ነው፤ ሳቁ ሲቀነስ። ወይዘሮ ፉሚ መንደሪን በሳህን አቅርበው፣ «ስለ ማሽን ዛሬ ተፈቅዷል» አሉ።

«ስድስት ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ» አልኩት ሺገኪን። «ይሄ ሰው የሰማውን ጽፎ አያውቅም። የሰማውንማ ቢጽፍ ኖሮ የእኔ ሥራ በቀለለ።»

ፈገግ አለ። «አምናለሁ። እኔ አልተናገርኩም፤ እሱም አልሰማም። ታዲያ አምስት ከየት መጣ?»

«እንጃ ጋሼ።»

«የድምፁን ለመለየት እኛ ስምንት ወር ፈጅቶብናል። አንተ እንጃ ትለኛለህ?»

ሺገኪ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ያስባል። እጁ በራሱ ጊዜ አንድ መንደሪን አነሳና መሐል ላይ አስቀመጠ። ሌላ ልጦ ከውስጡ ፍሬዎች አምስቱን አንድ በአንድ ዙሪያውን ደረደረ። «አምስትን ማንም ሊገምት ይችላል» አለ፤ «ግን አንዱን ለይቶ...» ጣቱ አንዷን ፍሬ ገፋ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አራቃት።

ወይዘሮ ፉሚ እጁን ቸብ አደረጉት። «አንተ ልጅ! በበዓሉም ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ስታደርገኝ ነበር። መንደሪን ይበላል እንጂ አይደረደርም!»

የኖሪዮን ሥዕል ሳርም ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የተለየችው ፍሬ የራቀችበት ርቀት እንኳ ያው ነው። ሺገኪ የሰው እጅ እንደሚያይ እጁን ያያል።

«የፈጠርኩት ነበር የመሰለኝ» አለ ኖሪዮ። «እማዬ ትሙት፣ ጋሼ! የፈጠርኩት ነበር የመሰለኝ!»

ከዚያ ፍሬዎቹን በሁለት እጁ አፍሶ ባንዴ አፉ ውስጥ ከተታቸው። እያለቀሰ ያኝካል። «በቃ፣ የለም! ማንም አላየም። እትዬ ቶዮኮ፣ አይተዋል?»

«ምንም አላየሁም» አልኩ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

«አየህ? ነገም ያንኑ ጻፍ፤ ለማንም አልተናገርኩም በል።»

«እናንተ አላያችሁም» አለ ሺገኪ፣ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን አይቻለሁ። ኖሪዮ፣ በየጠዋቱ እዚያ ክፍል ስገባ ያለችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እሷን ይዤ እስከ ፈለጉት ድረስ እቀመጥ ነበር። ነገ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ባዶውን መልሶ፣ ከላዩ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አደረገ።

ማሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ፤ አንድ ትልቅ፣ አምስት ትንንሽ። አንባቢዎቻችን ኖሪዮን ነቢይ አደረጉት፤ አቶ ኩሳካቤም ገጹን ወደ አራት አሳደጉለት። ለጉዳዩ ቅርብ የሆኑት ሰው አሁን የተናገሩት ሁሉ ይታመናል። ኖሪዮ ልተወው ቢል አይለቁትም፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጽፋል፤ ምን ይበሉ ብሎ ግን አይጠይቀኝም።

ለበዓል አሁንም ሁለቱም እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። ዘንድሮ ሲመለስ እንዴት ከረማችሁ አልኩት። ደህና ነን አለ። ሺገኪ ግን ጠረጴዛው ጋ እስካለ ድረስ ሁለቱንም እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አያወጣም። መንደሪኑን እናቱ እየላጡ፣ አንድ በአንድ፣ ያጎርሱታል።