ሁለቱም ዓይኖቿ

ክፍሉ ድሮ የፍየል ቆዳ ማከማቻ ነበር። ቆዳው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ «ግቢ፣ አስተማሪ» ሲለኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን የዘረጋች ሴት ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«በኔ ግጥም የታሰረችው አንቺ ነሽ? ድምፅ ሳይኖርሽ ምን አዘፈነሽ እቴ?»

አልዘፈንኩም። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ዓመት ሰቆጣ ተመድቤ አማርኛ አስተምር ነበር። እሷ የጠጅ ቤት አዝማሪ ናት። ድርቁ በጎረቤታችን በዝቋላ ወረዳ በጠናበት ሰሞን ያወጣችውን ስንኝ ከተማው ሁሉ ይዞት ስለነበር፣ ለተማሪዎቼ ቤት አመታት ለማስረዳት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፦

የመንግሥት ጎተራ ቁልፉ የዛገበት፣
ዝቋላ ጠግቦ ነው ሰው የማይመጣበት።

እሷ ቀድማ ተይዛ ነበር። እኔን ጠመኔ እንደያዝኩ ከክፍል አወጡኝ።

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። እሷ ግን ለሁለታችንም ታወራ ነበር። የውሃ ጣሳችንን ገልብጣ እየመታች ለቁንጫው፣ ለጠባቂው፣ ለኔ ዝምታም ሳይቀር ታዜምለታለች። «አጨብጭቢ እንጂ፣ ዲግሪሽ ይቀነሳል?» ትለኛለች። አጨበጭባለሁ። ጠባቂው ከውጭ በሩን በእርግጫ ይመታል፤ እሷም ምቱን ተቀብላ ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁለታችንንም ግቢው ውስጥ አወጡን። ፀሐዩ ዓይኔን አጥበረበረው። የፖሊስ አዛዡ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ መሬት ላይ፣ ካርቶን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የገበያው ሰዓሊ ቁጭ ብሏል።

ሰውዬውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሥዕል የተማረው ቤተ ክርስቲያን ነው። በገበያ ቀን ዋርካው ሥር ተቀምጦ የሰው ፊት በከሰል ይሥላል። በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ ሥራ አላጣም። ሥራ ፍለጋ ወደ ወልዲያ የሚወርዱ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ይሣሉና ሥዕሉን ለእናታቸው ትተው ይሄዱ ነበር። የሚበሉት የሌላቸው ሰዎች ለፊታቸው እንቁላል ሲከፍሉ አይቻለሁ።

አዛዡ አዝማሪዋን «እዚህ ተቀመጪ። ፊትሽን ወደ አጥሩ» አላት።

ሰዓሊው ቀና አለ። «በጎን ነው ጌታዬ?»

«በጎን። በአንድ ዓይን። ነገ ገበያው ዋርካ ላይ ይሰቀላል።»

«ጌታዬ፣ እንዲህ የሚሣለው እኮ ይሁዳ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንተን ያስጠራሁህ።»

ግቢው ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩናል። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ሰቃዮችም፣ በጎን በአንድ ዓይን ናቸው። ከዚህ በኋላ ለሠርግም ለክርስትናም የሚጠራት አይኖርም። እሷ ግን ያነሳችው ይህን አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ካሻዎት ይግረፉኝ» አለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነብኝ። «ይሄን ይተዉልኝ። እናቴ ነገ ከፃግብጂ ለገበያ ትመጣለች። ፊደል አታውቅም። ሥዕል ግን ታነባለች።»

«ታንብበዋ» አላት።

ፊቷን ወደ ሰዓሊው መለሰች። ፖሊሱ አገጯን ይዞ ወደ አጥሩ አዞረው። መለሰችው። አሁንም አዞረው። እንደገና ስትመልሰው በዱላ ትከሻዋ ላይ አሳረፈባት። ሰዓሊው ቀና ሳይል በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አላት። ያን ጊዜ በጎን ተቀምጣ ጸጥ አለች።

ከሰሉ ካርቶኑን ሲፍቀው ይሰማኛል። አዛዡ ሲጋራ ለኮሰ። ሰዓሊው ሲጨርስ ካርቶኑን አዞረው።

አፍንጫዋ በጎን ነው። ከንፈሯም፣ ሹሩባዋም በጎን። ዓይኖቿ ግን ሁለት ናቸው፤ ትልልቅ፣ ሙሉ፣ ፊት ለፊት የሚያዩ። ተሰብሮ ያለ ቦታው የተጠገነ ፊት ይመስላል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በጎን ነው ጌታዬ።»

«አንዱን ዓይን አጥፋው።»

«የሣልኩትን ዓይን አላጠፋም። በኛ ነውር ነው።»

አዛዡ የፖሊሱን ዱላ ተቀብሎ የሰዓሊውን ቀኝ እጅ መታው። ድምፁ ደረቅ ነበር። ከዚያ ካርቶኑን አንስቶ ራቅ አድርጎ አየው። «ይሰቀል እንዲሁ» አለ። «ይሁዳ ባትመስል ጭራቅ ትመስላለች።»

አዝማሪዋ አሁን ዘወር ብላ ራሷን አየች። «አፍንጫዬን ግን ምን አድርገህብኝ ነው ወንድሜ? በዚህ አፍንጫ ወልዲያ ሆኜ የሰቆጣን ጠጅ አሸታለሁ።»

ሰዓሊው ጣቶቹን ጉያው ውስጥ ወሽቆ ሳቀ። ፖሊሱም ፊቱን አዞረ።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ምን እንዳላት ጠየቅኳት። «‹ዝም ብለሽ ሁኚ፣ እኔ አይሻለሁ› ነው ያለኝ» አለችና ትከሻዋን በመዳፏ ያዘች። ጣሳውን አልመታችም።

በማግስቱ ገበያው ሳይሞላ እጇን አስረው ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና ወሰዷት። እናቷን አላየችም።

ገበያው ላይ የሆነውን የነገረኝ ያው አገጯን የያዘው ፖሊስ ነው። ዋርካውን የሚጠብቀው እሱ ነበር። አንዲት አሮጊት የጌሾ እስሯን አውርዳ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ተንጠራርታ አወረደችው።

«እማማ፣ ይተዉት፣ የመንግሥት ነው» አላት።

«የመንግሥት ምስማሩ ነው። እኔ ልጄን ነው የወሰድኩ።»

ካርቶኑን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ጌሾዋን ሳትሸጥ ተመለሰች። «ምን ላድርግ?» አለኝ ፖሊሱ፣ እኔ የምፈርድበት ይመስል። የገበያው ሰው መንገድ ለቆላት ነበር።

እኔ በዋስ ተፈታሁ። ሰቆጣን ስለቅ የሰዓሊው ሁለት ጣቶች አልተዘረጉም፤ በግራ እጁ እየተለማመደ ነበር። ደሴ ስደርስ ስለ እሷ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህም ከደሴ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። እስካሁን አውቃታለሁ ያለኝ የለም።

አንዳንድ ጊዜ መልኳን ለማስታወስ እሞክራለሁ። ያን ያህል አጠገቧ ተኝቼ እውነተኛው ፊቷ አይመጣልኝም። የሚመጣው የካርቶኑ ነው፤ አፍንጫው ወደ አጥሩ፣ ዓይኖቹ ወደኔ። ድሮ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ ስታየኝ አያታለሁ።