ሰዓት ሠሪው መኪናውን የፈታ ጊዜ

ሰፈሩ ሰዓት ሠሪውን «ጋሽ ደቂቃ» ይለው ነበር። ስሙ የወጣለት በቅልጥፍናው አይደለም። ሰዓቱን ሊያሠራ የመጣ ሰው «መቼ ይደርስልኛል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ መነጽር ሳያወልቅ «ደቂቃ ብቻ» ይላል፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ ሲመላለስ ይከርማል። ያም ሆኖ ተናድዶ ሰዓቱን ወደ ሌላ የወሰደ ደንበኛ የለም። አንዴ እሱ እጅ ገብቶ የወጣ ሰዓት ዳግመኛ አይታመምም ተብሎ ስለሚታመን፣ ሁሉም እየተነጫነጨ ይጠብቀዋል።

ሱቁ ቁም ሣጥን ብታክል ነው። በጫማ መሸጫና በፎቶ ቤት መካከል ተሸጉጣ፣ ወፍራም ሰው ከገባባት ጋሽ ደቂቃ መውጣት አለበት። ግድግዳዋን የሞሉት ሰዓቶች ሁሉ እኩል ይመታሉ፤ አንዱ ቀደም ብሎ የመታ እንደሆነ፣ ባለጌ ቃል እንደሰማ ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። የአሠራር ደንቡም አንድ ነው። ሕመሙ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የመጣለትን ሰዓት እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈታዋል፤ በቤንዚን ያጥበዋል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድረዋል፤ በጥሩ ዘይት ነካ ነካ ያደርግና ይገጥመዋል። ከገጠመው በኋላም ወዲያው አያስነሣውም። «ይረፍ» ብሎ ያሳድረዋል። ይህን ደንብ ከማን እንደተማረው አይታወቅም፤ እስከዚያች መኪና ድረስ ግን አሳፍሮት አያውቅም።

መኪናዋን የወረሳት ከአባቱ ነው። አባቱ ቀለም ነጋዴ ነበሩ። በዕረፍት ቀናቸው ሁሉ ኮፈኗን ከፍተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሲጎረጉሯት ይውሉ ነበር። ያን ጊዜ ከአጠገባቸው የማትጠፋው ሴቷ ልጃቸው ናት። ባትሪ የምታበራላቸው እሷ፣ መፍቻ የምታቀብላቸው እሷ፣ ሞተሩ ሲነሣም አንገቷን ዘንበል አድርጋ «አባባ፣ አንዷ ካንዴላ አልነደደችም» የምትላቸው እሷ። ወንዱ በዚያን ጊዜ አልጋ ሥር ተደብቆ የእናቱን የደወል ሰዓት ይፈታ ነበር።

አባትየው ሲያልፉ ታዲያ «መኪናዋ ለወንዱ» ብለው ተናዝዘው ተገኙ። እህትየው አልጮኸችም፣ አልተሟገተችም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «በል እንግዲህ፣ ንዳት» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ልጆች ተወልደው አደጉ፤ ጸጉርም ሸበተ፤ እሷ ግን የወንድሟን ደጃፍ አልረገጠችም። ስልክ ስትደውልም የምታወራው ከሚስቱ ጋር ነው።

አንድ ቀን ሚስቱ ስልኩን አንሥታ አዳምጣ አዳምጣ፣ «ቆዪ፣ ራሱ ይስማው» ብላ አቀበለችው።

«አንተ ልጅ» አለች እህቱ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«አቤት፣ እትዬ።»

«የፊታችን እሑድ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። አውቶቡሱ እናንተ ከተማ ለምሳ ይቆማል። በአባባ መኪና መጥተህ ከተቀበልከኝ አንተ ቤት አድራለሁ። ካልሆነ ምሳዬን በልቼ መንገዴን እቀጥላለሁ።»

«ምናልባት በታክሲ ብመጣስ? ማለቴ፣ ድንገት...»

«በታክሲማ እኔም መምጣት አያቅተኝም» አለችና ዘጋችው።

ጋሽ ደቂቃ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ሚስቱ ፊቱን አየችው፤ እሱም አያት። ይህች ቀን ካመለጠች ሌላ ቀን እንደማትኖር ሁለቱም ገብቷቸዋል።

መኪናዋ በዚያን ሰሞን ደህና ነበረች። ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ታስላለች እንጂ፣ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ታደርሰው ነበር። መናኸሪያውም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ጋሽ ደቂቃ ግን የእህቱን ጆሮ ያውቃል። ገና ከመናኸሪያው በር ሳይገባ ሳሏን ትሰማለች። ሰምታም «አባባ እንዲህ አድርገው አልሰጡህም» ትለዋለች፤ ወይም ምንም አትለውም። የሚፈራው ሁለተኛውን ነበር። እናም መኪናዋ አባታቸው በነበሩበት ዘመን ትዘምር እንደነበረው እንድትዘምር ሊያደርጋት ቆረጠ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወረንጦውን፣ ብሩሾቹንና የሰዓት ዘይቱን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ከሚስቱ ቁም ሣጥን ያወጣትን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ መሬት ላይ ዘረጋ።

«መኪናዋ ምን ሆነች?» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ ሆና።

«ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ ለምን ትፈታታለህ?»

«ምንም እንዳትሆን።»

ሚስቱ የጠረጴዛ ልብሷን አየች፣ እሱን አየች፣ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አጥሩ ላይ ክርኑን አስደግፎ ሲመለከት ቆየ።

«ጋሽ ደቂቃ፣ ጋራዥ ብትወስዳት ምን ይመስልሃል? ይኼን ሁሉ ዘመን ስነዳ ሞተር በወረንጦ ሲታከም አላየሁም።»

«እኔ እኮ ከሸሚዝ ቁልፍ የምትቀጥን ሰዓት ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ይቺ ሆዷ ውስጥ ሰው ታስቀምጣለች።»

«ልክ ነህ» አለ ሹፌሩ። «ትልቅ ናት። የጠፋ ነገር ቢኖር ቶሎ ይገኛል።»

ጋሽ ደቂቃ በደንቡ ሠራ። ካንዴላዎቹን ነቅሎ አጠበ። ካርቡራተሩን አውርዶ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታው፤ አንድ በአንድ ቦረሸው፤ መልሶም ገጠመው። አራቱን የካንዴላ ሽቦዎች ከመንቀሉ በፊት በየአንዳንዳቸው ላይ ትንሽ ወረቀት አሰረ፤ ከፊት ካለችው ካንዴላ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ጻፈባቸው። እስከዚህ ድረስ የተመሰገነ ነው። የሽቦዎቹ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ እሳት በሚያከፋፍለው ክብ ክዳን ላይ ዙሪያውን ይሰካል። የትኛው ሽቦ የት ቀዳዳ ላይ እንደነበረ ግን ምልክት አላደረገም። ክብ ነገር ላይ ቁጥር እንዴት እንደሚቀመጥ እሱ ሰው የሚጠይቅበት ጉዳይ አልነበረም። ሲገጥም አንድ ቁጥር ከላይ እንደነበረ ስላስታወሰ እዚያው ሰካው፤ ከዚያ በሰዓት አዟዟር ሁለትን፣ ሦስትን፣ አራትን አስከተለ። ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ምርጡን የሰዓት ዘይቱን ጠብ አደረገ። ሲጨርስ ጨርቁ ላይ የተረፈች አንዲት ብሎን አልነበረችም። ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና «ትረፍ» ብሎ ገባ።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ የክት ልብሷን ለብሳ፣ እሱም ክራባቱን አስሮ፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አጉረመረመች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ከማርሚታዋ በኩል እንደ መድፍ ጮኸች። ከጣሪያው ላይ ርግቦቹ ተነሡ። ደግሞ ሞከረ። ርግቦቹ ሊያርፉ ሲሉ እንደገና ተነሡ።

ሹፌሩ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳሙና ሆኖ አጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሰላም ነው? እኛም እንሸሽ እንዴ?»

ጋሽ ደቂቃ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን ቆጠራቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ተራቸውን የጠበቁ ናቸው። ነቀላቸው፤ ጠራረጋቸው፤ እዚያው መለሳቸው። መኪናዋም እዚያው ተኩሷን መለሰች። አሁን ላብ አጥምቆታል፤ ክራባቱም ካርቡራተሩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

«አንተ እየው እስቲ» አለው ሹፌሩን፣ በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ።

ሹፌሩ ከነሳሙናው መጥቶ አጎንብሶ አየ። «እውነቱን ልንገርህ?» አለ። «እኔ የማውቀው መንዳት ነው። ስትበላሽ ረዳቴ ነበር የሚሠራት፤ እኔ ጥላ ሥር እተኛለሁ።»

ጋራዦቹ ዝግ ናቸው። ሜካኒኮቹ ስልካቸውን አያነሡም። የአውቶቡሱ መግቢያ ሰዓት እየቀረበ ነው። ጋሽ ደቂቃ የመኪናዋ መከላከያ ላይ ተቀመጠና እጆቹን አያቸው።

«አትመጣም» አለ። «መንገዷን ትቀጥላለች። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ ቀረብ አለችና፣ «ምን ነበር ያለችህ? ቃል በቃል» አለችው።

«በአባባ መኪና መጥተህ ከተቀበልከኝ።»

«ሞተሩ ተነሥቶ ብላለች?»

«አላለችም።»

«እንግዲያው ገመድ ፈልጉ።»

ሹፌሩ ፊቱን እንደ ነገሩ ጠርጎ ትንሿን የዕቃ መኪናውን አወጣ። ወፍራም ገመድ አሰሩ፤ ጋሽ ደቂቃ መሪውን ያዘ፤ ሚስቱ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ጉዞው ተጀመረ። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ጋሽ ደቂቃ ግን ራሱ እንደሚነዳ ሰው ቀጥ ብሎ፣ መታጠፊያ ላይ የማጠፊያ መብራት እያሳየ ተጎተተ።

«ጋሽ ደቂቃ፣ ሰዓቴስ?» አለ አንድ ደንበኛ ከእግረኛ መንገድ።

«ደቂቃ ብቻ» አለ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

መናኸሪያው ሲደርሱ ተሳፋሪው ምሳውን ጨርሶ እየገባ ነው። እህቱ አንድ እግሯን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አሳርፋ ቆማለች። መጀመሪያ ዕቃ ጫኟን አየች፤ ቀጥሎ ገመዱን አየች፤ ቀጥሎ ዓይኗ ገመዱን ተከትሎ የአባቷ መኪና ላይ ደረሰ። እግሯን ከደረጃው አወረደች።

ወንድሟ ወርዶ ፊቷ ቆመ። አርጅታለች፤ እሱም አርጅቷል። ሊስማት ጎንበስ ሲል፣

«ሞታ ነው የመጣችው?» አለች።

«አልሞተችም፣ እትዬ። ትናንት አጥቤ ገጠምኳት።»

«ምኗን?»

«ሁሉንም።»

«ክፈተው።»

ኮፈኑን ከፈተ። እህቱ አጎንብሳ አሸተተች። «ይኼ የምን ሽታ ነው?»

«የሰዓት ዘይት። ምርጡ ነው።»

«የት የት ነው ያደረግኸው?»

«የት እንዳላደረግሁ ብትጠይቂኝ ይቀላል።»

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ሽቦዎቹንስ?»

«በተራ ነዋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለና ጣቱን በክዳኑ ዙሪያ አዞረ።

«አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት» አለች እሷ። «ደግሞ የሚዞረው ወደ ግራ ነው።»

«ወደ ግራ የሚዞር ነገር ማን ይሠራል?» አለ፣ ቅር ብሎት።

«ሰዓት ሠሪ ያልሆነ ሰው።»

ከክዳኑ ላይ ሁለት ሽቦዎች ነቀለች፤ ጫፋቸውን በአንገት ልብሷ እየጠረገች ዘይቱን ታስለቅቅ ጀመር። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ ጠራት።

«እናት፣ ልንሄድ ነው። ሰው አስጠበቅን እኮ።»

እህቱ ቀና አለች። አውቶቡሱን አየች፤ ወንድሟንም አየች። ወንድሟ ክራባቱ ጠቁሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ትምህርት ቤት እንደ ተቀጣ ልጅ ቆሟል። ቀጥላ በእጇ ያለውን አየች።

«ሁለት ሽቦ ይዤ ወዴት ልሂድ?» አለችው ረዳቱን፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ሁሉ። «ሻንጣዬን ለዚያ ልጅ አውርድለት።»

ረዳቱ ልጅ ፈለገ። ያገኘው ጸጉሩ የሸበተውን ጋሽ ደቂቃን ብቻ ስለሆነ ለእሱ ሰጠው። አውቶቡሱም አቧራውን ትቶላቸው ወጣ።

እህቱ የቸኮለች አትመስልም። ዘይቱን ከየቦታው ጠራርጋ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይራ ሰካች። ከዚያ የመሪውን በር ከፍታ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች። ጋሽ ደቂቃ ቁልፉን አስቀመጠላት፤ ሻንጣዋን ታቅፎም በሌላኛው በር ገባ። ሞተሩ ተነሣ። እንደ ድሮው አልዘመረም፤ ተነሣ ግን።

«ተመስገን» አለ ሹፌሩ ገመዱን እየጠቀለለ። «ርግቦቹም ያርፋሉ።»

እህቱ ማርሹን ስትቀይር እጇ ቦታውን አልሳተም። አንድ መታጠፊያ ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ይንተባተባል» አለች። «ካርቡራተሩንም ነክተኸዋል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«ፈትተኸዋል?»

«እስከ መጨረሻዋ ብሎን።»

እህቱ መስተዋቱን ለራሷ አስተካከለች።

«እንግዲህ» አለች፣ «ይኼ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።»

ጋሽ ደቂቃ ሻንጣውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ ስልኳን አወጣችና የእህቱን ልጅ ቁጥር መፈለግ ጀመረች፤ እናትሽ ትዘገያለች ልትላት።