ሞተሩ እስኪበርድ

ምጡ ሚስቴን ሌት ተቀን ሲያንገላታት ቆይቶ፣ በማለዳ አዋላጇ እጃቸውን እየታጠቡ ወጡና "ከእንግዲህ የኔ እጅ አይደርስበትም" አሉኝ። ልጁ አግድም ሆኗል። ሊረዳን ይችላል የተባለው ደብረ ታቦር፣ ጣልያን ካምፕ ውስጥ ያለው ሐኪም ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነው፤ እኔም የዚያን ካምፕ ደጃፍ ላልረግጥ ምዬ ነበር። መሐላዬ ትዝ ያለኝ ቃሬዛውን በጠፍር ጠፍንጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ጎረቤቶቻችን ተሸክመው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር እስከሚወጣው አዲሱ መንገድ አደረሱን። ጣልያን ካወጣው ወዲህ አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ያልፍበታል። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ መንገዱ መሃል ተንበርክከው አንዲት አሮጌ መኪና አስቆሙ። ሾፌሩ ጺማቸው የሸበተ የደብረ ታቦር ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ጨው ጭነዋል። ብዙ ሳይጠይቁ ጆንያዎቹን ደልድለው ሚስቴን ከነቃሬዛዋ አስተኟት። አማቴ ከእሷ ጋር ከኋላ ሆኑ፤ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቻችን ተመለሱ።

መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ከፊት፣ አፍንጫዋ ላይ፣ ክብ መስታወት ተተክሏል፤ በውስጡ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ይታያል። ሰውየው ከመንገዱ ይልቅ እሱን የሚያዩ መሰለኝ።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳቸው።

"የውሃዋ ትኩሳት ነው። ሞተር ውስጡ እሳት ነው። ውሃ እየዞረ ሙቀቱን ይቀበለዋል፤ እዚህ ፊት ለፊት መጥቶ በነፋስ ይበርዳል፤ ተመልሶ ይገባል። ቀዩ መሃል ላይ ሲሆን ደህና ናት። ከዚያ በታች ከሆነ ገና አልሞቀችም፣ ጉልበት የላትም። ወደ ላይ ከወጣ ግን..." አልጨረሱትም።

ዳገቱን ስንጀምር ቀዩ ከመሃል አለፈ። ከኋላ የሚስቴ ጩኸት ይሰማኛል፤ ቆይቶ ጩኸቱ ወደ ማቃሰት ወረደ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ድንገት ከሞተሩ በኩል እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ጮኸ። ወዲያው እንፋሎት ፊታችንን ሸፈነው። ሰውየው መኪናዋን ጥግ አስይዘው አጠፏት።

ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ የሚሉት ቀበቶ ተበጥሷል። ነፋስ የለም ማለት ነው። ውሃው ፈልቶ አብዛኛው ፈሷል።

"አንተ ውሃ ፈልግ" አሉኝ፤ ቆርቆሮ ሰጡኝ።

ግንቦት ነው፤ ምንጩ ሁሉ ደርቋል። ገደሉን ወርጄ ከድንጋይ ሥር የምትንጠባጠብ ውሃ አገኘሁ። ቆርቆሮው እስኪሞላ የጠበቅኩትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ጠብቄ አላውቅም። ድንጋዩን በጡጫዬ መታሁት፤ ማርያምን ለመንኳት፤ ከዚያ ሰደብኩ፤ ማንን እንደሰደብኩ አላውቅም። ስመለስ ሩጫ አልቻልኩም፤ ከሮጥኩ ይደፋል።

አማቴ አስቀድመው በቅል ቀድተው ለልጃቸው አጠጧት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

"በሉ ጨምሩባት! ምን ይጠብቃሉ?"

"እናቴ፣ አሁን አይሆንም። እንዲህ እንደጋለች ቀዝቃዛ ውሃ ብጨምርባት ብረቱ ይሰነጠቃል። ክዳኑን ብከፍተውም እንፋሎቱ ፊቴን ያቃጥለዋል። ትብረድ።"

"ልጄ እየሞተች ብረት ይበርድ ይሉኛል?"

እኔ ቆርቆሮውን አስቀምጬ የሰውየውን ኮሌታ ያዝኩ። ሽማግሌ መሆናቸውን ረስቼ ጥርሴን ነክሼ ነቀነቅኳቸው። እጄን አላስለቀቁም፣ አልገፈተሩኝም።

"ሞተሯ ከተሰነጠቀች ሁላችንም እዚሁ ነን" አሉ ቀስ ብለው። "ሚስትህን በትከሻህ ልታደርሳት ትችላለህ?"

ዳገቱን አሻቅቤ አየሁት። ለቀቅኳቸው።

ከዚያ ቃሬዛው የታሰረበትን ጠፍር አዩ። ፈታሁላቸው። ለኩት፣ ቆረጡት፣ ጫፍና ጫፉን በሽቦ ሰፍተው ማራገቢያው ላይ አስገቡት። ሥራው አልቆም ብረቱ አልበረደም ነበር። እጃቸውን ሞተሩ ላይ ያደርጉና ያነሳሉ፤ ያደርጉና ያነሳሉ። እኔ ሚስቴ ጎን ወጥቼ ተቀመጥኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። እጄን ያዘችኝ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። አማቴ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን እየደቁ ሾፌሩን ይረግማሉ።

በመጨረሻ ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ጥቂት ጥቂት እያስተነፈሱ ከፈቱት። ሞተሩን አስነስተው ውሃውን በቀጭኑ አንቆረቆሩበት። ጠፍሩ እየተንሸራተተ ይጮኻል፤ ግን ማራገቢያው ዞረ። እንደ ሰው እርምጃ እያዘገምን፣ ቀዩ ከፍ ሲል እየቆምን ወጣን።

ካምፑ በር ላይ አስካሪ የሚሉት የጣልያን ቅጥር ወታደር ይለፍ ጠየቀኝ። የለኝም። ሾፌሩ "የኔ ቤተሰብ ናቸው" አሉት። አስካሪው ማተቤን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከኋላ ማቃሰቷን ሲሰማ በሩን ከፈተ።

እኔን ወደ ሐኪሙ ክፍል አላስገቡኝም። አማቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ሲወጡ ከአካሄዳቸው ገባኝ። ወንድ ነበር። የሐኪሙ አስተርጓሚ ተከትሏቸው ወጣና "እናቲቱ ትተርፋለች። ልጁ ግን ሆዷ ውስጥ ከሞተ ቆይቷል፣ ዛሬ አይደለም ይላል ሐኪሙ" አለኝ።

"ውሸቱን ነው!" አሉ አማቴ። "ዳገቱ ላይ ነው የሞተብኝ። ያ ሰው ነው የገደለው።" እስኪሞቱ ድረስ ይህንኑ ሲሉ ኖሩ፤ ከሰውየው ሱቅም ጨው አላስገዛ አሉን።

ሚስቴ ዳነች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልወለደችም። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ፣ አማቴ በሌሉበት አንድ ቀን፣ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ከቤት ሳንወጣ ነው መንቀሳቀስ ያቆመው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽ?"

"ብነግርህ ውሃ ፍለጋ ትወርድ ነበር?"

"ለአንቺ እወርድ ነበር" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።