ሲኒማው ዋስ ተጠየቀ

ጣሊያን ደብረ ብርሃን ላይ ሲኒማ ያሳየን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከአንኮበር በታች ካሉት አርበኞች ጋር ነበር። እናቴ ምን ብላ እንደምትልክበት አልቆረጠላትም፤ ገብተህ እጅህን ስጥ ትበለው ወይስ እዚያው ሰንብት? መልእክቱን የሚያደርሰው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በማግሥቱ ማለዳ ሊወርድ ነው።

ሲመሽ ገበያው ሜዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። አንድ ባለ ጎፈሬ ሰውዬ ጠመንጃውን ሲያስረክብ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ ልጆቹን ሲያቅፍ ታየ። ድምፁ የሚወጣው በጣሊያንኛ ነው፤ አስተርጓሚው ከጎን ቆሞ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል።

«እኔ ገባሁ፤ ምሕረት አገኘሁ። አንተም ብትገባ ታገኛለህ። ልጆቹን የሚወድ ይገባል፤ የማይገባ ልጆቹን የሚጠላ ነው!»

እናቴ አለቀሰች። ለእኔም ወንድሜ ያንን ልብስ ለብሶ ታየኝ።

እኛ አገር ሰው ሙግት ሲሰማ መዋል ይወዳል፤ የቆመ ሁሉ አፉን ያስገባል። ሲኒማውንም እንደ ችሎት ነው የያዝነው። ከኋላችን የቆሙ ሽማግሌ ጎረቤታችን በትራቸውን ወደ አቡጀዲው ዘረጉና፣

«ዋስ ጥራ!» አሉት ሰውዬውን።

ሰዉ ሳቀ።

«አባባ፣ ሥዕል እኮ ነው» አለ አስተርጓሚው።

«ሥዕል ከሆነ በእኛ ልጆች ምን አገባው? እሱስ ምሕረት አግኝቶ ይሆናል፤ ለሌላው ዋሱ ማነው? አንተ ትሆናለህ፣ ልጄ?»

ሳቁ ቆመ። ሲኒማውን የሚያሳየው የጣሊያን መኮንን ምን አሉ ብሎ ጠየቀ መሰለኝ፤ አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ አንድ አጭር ነገር ነገረው፤ መኮንኑም ለሽማግሌው አጨበጨበላቸው። ለእኛ ግን መልስ የሰጠን የለም።

ኋላ ኮሌጅ ገብቼ ሎጂክ ስማር፣ ከአንድ ሰው ዕድል ተነሥቶ ለሁሉም መደምደም፣ ሁለት መንገድ ብቻ አሳይቶ ሌላውን መሸሸግ፣ እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ ስም እንዳለው አወቅሁ። ስሙን ማወቄ ብዙም አልጠቀመኝም፤ ዛሬም ተዋናይ እያለቀሰ ከተናገረ አምነዋለሁ። ደግሞ ክርክሩ ስለተሰበረ ምሕረቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ይህን እናቴም ሳታውቀው አልቀረችም፤ ከባዱም እሱ ነበር።

ቤት ስንገባ የአክስቴ ልጅ፣ «እትዬ፣ ታዲያ ምን ልበለው?» አላት።

ነጠላዋን አውልቃ አጠፈች።

«ይቆይ በለው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ እስከ በሩ ተከተለችው። «ጠልታህ አይደለም በለው።»